ጸጥ ባለች የእንግሊዝ መንደር የሚፈጸም ግድያ እንዴት ይጻፋል? ከዓመተ ምሕረቱ እስከ መጨረሻው ረቂቅ

ሦስት ወይም አራት መቶ ሰው በሚኖርባት፣ ሁሉም የሁሉንም የመኪና ድምፅ በሚለይባት መንደር አንድ ሰው ሲገደል «ከውጭ የመጣ ሽፍታ ነው» ብሎ መጽናናት አይቻልም። ገዳዩ ቅዳሜ ዳቦ የሸጠ፣ እሑድ የመዝሙር መጽሐፍ ያደለ ሰው ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ ገጠርን ለወንጀል ልብ ወለድ የሚያመቸው ይህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገነባው የመንደሩ ሥርዓት ነው፦ ቁልፍ ማን ይይዛል፣ መሬት ማን ይወርሳል፣ በየትኛው ሰዓት ማን በየት ያልፋል። ሥርዓቱ በደንብ ከታነጸ ግድያው ከውስጡ ይወጣል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዓመቱን ቀድማችሁ ወስኑ

ከገጸ ባሕርያቱ በፊት ዓመቱ ይወሰን። ዓመቱ ከታወቀ ፖሊስ በእጁ ምን እንዳለ፣ ገዳዩ ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው፣ ስልክ ማን ቤት እንደሚገኝ አብሮ ይታወቃል።

ለመጀመሪያ ሥራ የምንመክረው ከ1957 እስከ 1964 ያለውን ጊዜ ነው። በ1957 የወጣው ሕግ የሞት ቅጣትን ለተወሰኑ የግድያ ዓይነቶች ብቻ ወሰነው። በጥይት የገደለ፣ ለስርቆት ብሎ የገደለ፣ ፖሊስ የገደለ ይሰቀላል፤ በመርዝ ወይም አፍኖ የገደለ ዕድሜ ልክ ይታሰራል። ሆኖም ያው ሰው በሌላ ጊዜ ሁለተኛ ሰው ከገደለ ስቅላቱ ይመጣበታል። ይህን ለታሪክ አስቡት። ገዳያችሁ አንድ የታመሙ አዛውንት ባለመሬት በትራስ አፍኖ ገድሏል፤ ቢያዝም አንገቱ አይነካም። አንድ ሰው ግን አይቶታል። ያንን ሰው ዝም ለማሰኘት የሚወስደው እርምጃ በቀጥታ ወደ ገመዱ የሚያደርስ ነው። ግማሹን ውጥረት ሕጉ ራሱ ሠራላችሁ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የገጠር ባቡር ጣቢያዎችም ገና በብዛት አልተዘጉም፤ በየመንደሩም ቤቱ ቢሮው የሆነ፣ በብስክሌት የሚዞር ኮንስታብል (ተራ ፖሊስ) ይገኛል። በ1965 የሞት ቅጣቱ ለግድያ ታገደ፣ በ1969 ለዘለቄታው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆን ታሪክ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ይፈልጋል።

1980ዎቹን ከመረጣችሁ የሌስተርሻየሩን ጉዳይ አጥኑ። በ1983 እና በ1986 በናርቦሮና በኤንደርቢ መንደሮች ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ከሁለቱ አንዱን ግድያ አመነ፤ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የደረሰበት የዲኤንኤ ምርመራ ግን ነፃ አወጣው። ፖሊስ በ1987 ከ5,000 በላይ የአካባቢው ወንዶችን ሲመረምር ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ደም እንዲሰጥለት ልኮ አለፈ። ፒችፎርክ የተያዘው፣ ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ያወራው ነገር ፖሊስ ጆሮ ሲደርስ ነው፤ በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዘመኑ ምንም ያህል ቢራቀቅ የመንደር ወሬ ከሴራችሁ እንዳይወጣ።

የዛሬውን ዘመን መምረጥ በጣም ከባዱ ነው። ስልክ የሰውን መንገድ ይመዘግባል፣ የበር ደወል ላይ ካሜራ አለ፣ ከ1995 ጀምሮ ብሔራዊ የዲኤንኤ መዝገብ አለ። እነዚህን ለመሸሽ «ኔትወርክ አልነበረም» የሚል ሰበብ በየምዕራፉ መደጋገም አንባቢን ያበሳጫል።

ደረጃ 2፦ ካርታውን በእጃችሁ ሳሉ

ትልቅ ወረቀት ላይ ይሁን። መሃል ላይ የጋራው ሣር ሜዳ፣ በአንድ ጎኑ መጠጥ ቤቱ፣ በሌላው ሱቅና ፖስታ ቤት አንድ ላይ፣ ከፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ፣ ራቅ ብሎ የባላባቱ ግቢ፣ ዳር ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ የሠራቸው የኪራይ ቤቶች። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች ቁጥር የላቸውም፤ በስም ነው የሚጠሩት፦ የድሮው ትምህርት ቤት፣ የድሮው አንጥረኛ ቤት። ይህ ለጸሐፊ ጠቃሚ ነው፤ እንግዳ ሰው ቤት ሊሳሳት ይችላል፣ የመንደር ሰው ግን ፈጽሞ አይሳሳትም።

በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት በእግር ደቂቃ ጻፉ። ለ400 ሜትር 5 ደቂቃ፣ በጨለማና በጭቃ ከሆነ 8 ወይም 9 ያዙ። ከዚያ የሕዝብ የእግር መንገዶቹን ጨምሩ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ በግል እርሻ መሃል ቢያልፍም ማንም ሰው የመሄድ መብት አለው። ስለዚህ ማሳ መሃል የታየ ሰው ብቻውን አያስጠረጥርም፤ ውሻ ይዞ የወጣ ሰውም ባልተጠበቀ ሰዓት ያልተጠበቀ ነገር ያያል። ቢያንስ ሦስት መንገዶች ይኑሩ፤ አንዱ በመቃብሩ መሃል ይለፍ።

ቤተ ክርስቲያኑን ሰፋ አድርጋችሁ አስቡበት። የአማርኛ አንባቢ ቃሉን ሲያነብ ካህን፣ ዘበኛና ምዕመን የማይጠፋበት ደብር ነው ዓይኑ ላይ የሚመጣው። የእንግሊዙ በሥራ ቀን ባዶ ነው፤ አራት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ፣ ቀዝቃዛ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ቀን ቀን ያልተቆለፈ በር። ቁልፉ ቄሱና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሆኑት የምዕመናን ተጠሪዎች ዘንድ ይገኛል። ይህን በመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ካልገለጻችሁ አንባቢው «ዘበኛው የት ሄዶ ነው?» እያለ ይቀጥላል።

የመንገድ መብራት የሌላቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። በደቡብ እንግሊዝ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላም ብርሃን አለ። ዓመቱን ሙሉ ምሽት 12 ሰዓት ላይ መጨለም የለመደ ጸሐፊ እዚህ ላይ በቀላሉ ይስታል፤ የሰኔ ወር ግድያን ምሽት 2 ሰዓት ላይ «በድቅድቅ ጨለማ» ካስፈጸማችሁ መጽሐፉ እዚያው ተበላሸ።

ደረጃ 3፦ ምክንያቱን ከመሬትና ከኑዛዜ አውጡ

የአእምሮ በሽተኛ ገዳይ ለዚህ ዓይነት መንደር አይመጥንም፤ መንደሩን ከጥፋቱ ነፃ ያወጣዋልና። ምክንያቱ ጎረቤት የሚረዳው ይሁን። ከ1948 ጀምሮ በእርሻ መሬት ላይ ቤት ለመሥራት የዕቅድ ፈቃድ ግድ ነው፤ ፈቃድ ያገኘ ማሳ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሽማግሌው «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ማሳ አይነካም» ካሉ ሞታቸውን የሚጠብቅ ሰው ተፈጥሯል።

የኑዛዜው ሕግ ደግሞ ለሴራ የተሠራ ይመስላል። በ1837 ሕግ መሠረት ተናዛዡ ሲፈርም ሁለት ምስክሮች አብረው ተገኝተው መፈረም አለባቸው። ምስክር የሆነ ሰው፣ ወይም ባሉ ወይም ሚስቱ፣ በዚያ ኑዛዜ የተተወላቸውን አይወስዱም፤ ኑዛዜው ግን ይጸናል። ሽማግሌውን ለሃያ ዓመት ያስታመመች የቤት ሠራተኛ ጎጆ ቤቱ ተትቶላት ሳለ «እስቲ እዚህ ላይ ፈርሚልን» ብሎ ምስክር ያደረጋት ሰው ማን ነበር? ጥያቄው ብቻውን ሁለት ምዕራፍ ይሸከማል። ገዳይ ከገደለው ሰው እንደማይወርስም አትርሱ፤ ሀብቱን የፈለገ ሰው ሞቱን ተፈጥሯዊ ማስመሰል አለበት።

ደረጃ 4፦ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሥሩ

አንድም ምዕራፍ ሳትጽፉ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ በእውነት የሆነው፣ መንደሩ ሆነ ብሎ የሚያምነው፣ አንባቢው የሚያውቅበት ምዕራፍ። የግድያውን ሰዓት በአምስት አምስት ደቂቃ ከፋፍሉት። በሠንጠረዡ ውስጥ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የምትመልሱት ሠንጠረዡ ካለቀ በኋላ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው። እየቀላቀሉ መሄድ ስድስት ሰዓት የሚያዛንፍ ስህተት ያመጣል፤ ከተጻፈ በኋላ ሲፈለግም አይገኝም።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋዮች ረቡዕ ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይለማመዳሉ። ደወሉ ስለሚያደነቁር በዚያ ሰዓት በመንደሩ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ሽማግሌው የሞቱት በዚህ መሃል ነው። ስምንቱም ደዋዮች «ሁላችንም ግንቡ ውስጥ ነበርን» ብለው ይምላሉ፤ ከገዳዩ በቀር እያወቀ የሚዋሽ የለም፤ ደወሉም ሳያቋርጥ ሲደወል መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ነገር ግን ደወሎቹ ስድስት ናቸው። ስምንት ሰው በስድስት ደወል ሲለማመድ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ያርፋል። የሚያርፈው ሰው ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉም ይገምታል፤ ገመድ የያዘ ሰው ግን ዞሮ አያይም። ከግንቡ እስከ ሽማግሌው ቤት በመቃብሩ መንገድ 4 ደቂቃ ከሆነ ገዳዩ ሄዶ፣ ገድሎ፣ በ15 ደቂቃ ይመለሳል። ለአንባቢው በምዕራፍ 3 «ስድስቱ ደወሎች» በሉት፣ በምዕራፍ 6 ስምንቱን ደዋዮች በስማቸው አስተዋውቁት። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አታስቀምጡ፤ ደምሮ ማግኘት የእሱ ፋንታ ነው።

ተጠርጣሪዎች ከአምስት አይነሱ፣ ከሰባት አይብለጡ። እያንዳንዱ ከግድያው ጋር የማይገናኝ አንድ ውሸት ይኑረው፦ አንዱ ዕዳ፣ አንዷ ፍቅረኛ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሣጥን የወሰደው ገንዘብ። ውሸቶቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ የሚቀረው ያልተፈታ ውሸት ወደ ገዳዩ ይመራል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ገዳዩ ዘግይቶ ሲገባ ነው። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ ስሙ፣ ፊቱና አንድ መልካም ሥራው መታየት አለባቸው።

ደረጃ 5፦ ፍንጭ ቅበሩ፣ ግን በግልጽ ቦታ

ወደ ገዳዩ የሚያመሩ ቢያንስ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ፍንጮች ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱም ከመጽሐፉ ሦስት አራተኛ በፊት ገብተው ያልቁ። የመቅበሪያው ዘዴ ቀላል ነው፦ ፍንጩን ከእሱ ይልቅ ጆሮ በሚስቡ ሁለት ነገሮች መካከል አስገቡት፣ ዓረፍተ ነገሩንም በእሱ አትዝጉ። በሁለተኛው ግድያ ላይ እንሞክረው፤ ምስክሩ እሑድ ጠዋት በጥይት ተመቷል፦

«የፖስታ ቤቷ ሴት ቴምብሩን እየቆረጠች ታወራለች። እሑድ የምሳው ሥጋ አረረባት፤ ውሻዋ ተኩሱን ሰምታ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ስላለች እሷን ስትለምን። ያን ዕለት ደግሞ አማቷ ሳይጠሩ መጡ። ያረረ ሥጋ ሲያዩ ያሉትን ብትሰሙ!»

አንባቢው አማቷን ይዞ ይሄዳል። ተኩሱ ግን ተነግሮታል። በእንግሊዝ ዶሮ የምታክለው ፌዛንት የምትታደነው ከጥቅምት 1 እስከ የካቲት 1 ነው፤ በእነዚህ ወራት የጠመንጃ ድምፅ የሚያስደነግጠው ሰው የለም። ሕጉ ግን እሑድ እንዲህ ያለውን አደን ይከለክላል። ፍትሐዊ ለመሆን ከዚህ ትዕይንት ሠላሳ አርባ ገጽ በፊት አንድ ገበሬ «ያለችን ቅዳሜ ብቻ ናት፤ እሑድ እንደሁ ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ ሲያጉረመርም አሰሙት። ከ1968 በፊት ለአደን ጠመንጃ የፖሊስ ማስረጃ አይጠየቅም ነበር፤ ፈቃዱ የሚሸጠው ፖስታ ቤት ነው። ያቺው ወሬኛ ሴት ጠመንጃ ያላቸውን ሰዎች ከፖሊስ ይበልጥ ታውቃለች ማለት ነው፤ መርማሪው ይህን እስኪረዳ ድረስ እሷም አደጋ ላይ ናት።

ደረጃ 6፦ በአማርኛ ስትጽፉ የሚገጥማችሁ

ትልቁ ችግር ግሣችን ነው። ገዳዩን ስሙን ሳትጠሩ ልታሳዩት ስትሞክሩ «ገባ» ወይም «ገባች» ማለት ግድ ይሆናል፤ ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹ በአንድ ፊደል ነፃ ወጡ። ገዳይዋ ሴት ሆና ሳለ እንዲህ ከጻፋችሁ አንባቢውን ዋሽታችሁታል፦

«ጥላው በመቃብሩ በር ገባ። ቆመ። ጓንቱን አወለቀ።»

ጥላ ይገባል፤ ጓንት ግን አያወልቅም። ይልቅ ነገሮቹ ይናገሩ፦

«የመቃብሩ በር ሲጢጥ አለ። ጠጠሩ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም። ጓንት ያጠለቀ እጅ የግንቡን መዝጊያ ገፋ።»

ሁለተኛው መንገድ ገዳዩ ራሱ በመጀመሪያ መደብ እንዲተርክ ማድረግ ነው፤ «ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስኩት» የሚለው ጾታ አይገልጥም። በእነዚህ ምዕራፎች ሌላ ሰው ሲያነጋግረው «እርስዎ» ይበለው፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ካለው አለቀ። መርማሪውና መንደርተኛው በልማድ «ገዳዩ» እያሉ ቢናገሩ ግን ችግር የለውም። ገጸ ባሕርይ መሳሳት ይችላል፤ ተራኪው መዋሸት አይችልም።

አክብሮት የሚያሳየው አነጋገራችን ደግሞ እንግሊዛዊ ጸሐፊ የሌለውን ፍንጭ ይሰጣችኋል። በሰው ፊት «እርስዎ» የሚባባሉ፣ እምብዛም አንተዋወቅም የሚሉ ሁለት ሰዎች በድንጋጤ መሃል አንዴ «አንቺ» ቢያመልጣቸው የተደበቀ ግንኙነት ተገለጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ተራኪው ስለ እሱ ምንም አይበል።

የሌሊት ቀንም ተጠንቀቁ። በእንግሊዝ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በትረካው «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» በሉ፤ በፖሊስ መዝገቡ ላይ «ዓርብ፣ 01፡00» ተብሎ ይታይ። «ሐሙስ ሌሊት» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ሁለት ምስክሮች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አንባቢውም የእናንተን ስህተት ፍንጭ ነው ብሎ ይይዘዋል።

ደረጃ 7፦ ፖሊሱን በትክክል አሠሩት

በመረጥነው ዘመን ከባድ ግድያ ሲያጋጥም የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ የለንደኑን ፖሊስ ስኮትላንድ ያርድን ሊጠራ ይችላል፤ ከለንደን አንድ ከፍተኛ መርማሪ ከአንድ ሳጅን ጋር በባቡር ይመጣል። የአካባቢው ፖሊሶች ቅሬታ፣ የመንደሩ ሰው ዝምታ፣ የለንደኑ ሰው እንግድነት አብረው ይገባሉ። በየካቲት 1945 በዎርክሻየር፣ በሎወር ክዊንተን አቅራቢያ ቻርልስ ዋልተን የተባሉ የ74 ዓመት የአጥር ሠራተኛ በገዛ መሣሪያቸው ተገድለው ሲገኙ የመጣው የስኮትላንድ ያርዱ ሮበርት ፋቢያን ነበር፤ መንደሩን ማናገር አልሆነለትም፣ ጉዳዩም እስከ ዛሬ አልተፈታም። ኮሮነር የሚባለው ያልተለመደ ሞትን የሚመረምር ባለሥልጣን መሆኑን፣ ሐኪሙ «ተፈጥሯዊ ሞት» ብሎ ከፈረመ ግን ጉዳዩ እሱ ዘንድ ላይደርስ እንደሚችል ልብ በሉ። የሽማግሌው ሞት የሚያልፈው በዚህ ቀዳዳ ነው።

የአስከሬን ምርመራ የሞትን ሰዓት በደቂቃ አይነግርም፤ የተወሰኑ ሰዓታት ክልል ይሰጣል። «ልክ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ሞቱ» የሚል ሐኪም ካላችሁ ሰርዙት። ታሪኩ ከ1984 ሕግ በኋላ ያለ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪን ያለ ክስ ማቆያው 24 ሰዓት ነው፤ ከፍተኛ መኮንን እስከ 36፣ ፍርድ ቤት እስከ 96 ሊያራዝመው ይችላል። ይህ ቆጠራ ራሱ ጥሩ የምዕራፍ ሞተር ነው።

ደረጃ 8፦ ፍርሃቱን አስተካክሉ

እንቆቅልሽ ብቻ አንባቢን አያስፈራም። ከመጽሐፉ አንድ ሦስተኛ ላይ ሽማግሌው መገደላቸውን ለአንባቢው ግለጹለት፤ መንደሩ ግን ገና ለቀስተኛ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ገዳዩ በቀብሩ ሻይ ላይ ብስኩት ሲያዞር፣ ለምስክሩ ካፖርቱን ሲያቀብል አንባቢው ብቻውን ይጨነቃል። ደሙን ቀንሱ፤ የተለመደው ነገር ይናጋ። ሁሌ የሚቆለፍ በር ገርበብ ብሎ ይገኝ፣ ረቡዕ ማታ አምስት ደወል ብቻ ይሰማ።

ለጠቅላላው ከ50 እስከ 60 ሺህ የአማርኛ ቃላት ይበቃሉ። ምዕራፎቹ መጀመሪያ ላይ 2,000 ቃል ያህል ይሁኑ፣ ከሁለተኛው ግድያ በኋላ ወደ 1,200 ይውረዱ። ገዳዩ የሚገለጥበት ትዕይንት ሁሉም ሰው ሳሎን ተሰብስቦ መርማሪው የሚያስተምርበት እንዳይሆን፤ ሁለት ሰው፣ ጠባብ ቦታ፣ ለምሳሌ የግንቡ ጠመዝማዛ ደረጃ ይመረጣል።

ረቂቁ ሲያልቅ ሦስት አራተኛውን ብቻ ለአራት አንባቢዎች ስጡ። እያንዳንዳቸው የጠረጠሩትን ሰውና የጠረጠሩበትን ገጽ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ እርስ በርስ አይነጋገሩ። አራቱም አንድ ሰው ካሉና ልክ ከሆኑ የጠቀሱትን ገጽ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ገጽ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ፍንጩን መጨረሻ ላይ አስቀምጣችሁታል። አንዳቸውም ካላገኙት መጨረሻውን አንብቡላቸውና ወደ ኋላ ተመልሰው ሦስቱን ፍንጮች በጣታቸው እንዲያሳዩ ጠይቁ። ሁለቱን ካሳዩ ሦስተኛውን አጉሉት፤ አንዱን ብቻ ካሳዩ ወደ ደረጃ 4 ሠንጠረዥ ተመለሱ።